የሩቁ መጋዘን ስልክ ይሠራል

ከኮኪት ወጣ ብሎ ባለው የሰሊጥ መጋዘን ግቢ ሠራተኛው ሁሉ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ጀይሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው ታላቁን ነገር አወጁ፦ ስልክ ገብቷል።

ገመድ አልባ ነው። አንዱ ለእሳቸው ጠረጴዛ፣ አንዱ ለሚዛን ቤት፣ አንዱ ከእርሻው ማዶ ላለው ለሩቁ መጋዘን። "ከእንግዲህ ዘበኛ ቦታውን ጥሎ በእግሩ እየመጣ 'እንዲህ ሆነ' የሚልበት ዘመን አክትሟል" አሉ። "ይደውላል፤ መልስ እስኪያገኝ ካለበት ንቅንቅ አይልም። የማይሠራ ስልክ ከተገኘ ተጠያቂው የያዘው ሰው ነው።"

ተጨበጨበ።

ስልኮቹን የሚያገናኘው ማሰራጫ ከሁሉም ውድ ስለሆነ፣ አቶ ጀይሉ ከማኅተሙ ጋር የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ሽቦው ከኋላ በተበሳ ቀዳዳ ገባ። ከዚያ ወዲያ ከየትም ቢደወል የትም አልጠራም።

ሳይሞከር የቀረ የለም። ባትሪው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተሰጣ፤ በነጭ ጋዝ ተወለወለ። የሚዛን ቤቱ ኡመይር ስልኩን ይዞ የጆንያ ክምር ጫፍ ላይ ወጣ። ሲወርድ፣

"አቶ ጀይሉ፣ ሣጥኑ እኮ ብረት ነው። ማሰራጫው ወጥቶ በረንዳ ላይ ይሰቀል" አለ።

"ተረክቤ የፈረምኩበት ንብረት ነው። ቢሰረቅ ማን ሊጠየቅ ነው? ደግሞስ፣ ያንተ ስልክ አይሠራም ማለትህ ነው?"

ኡመይር ስልኩን አየ፤ ሥራ አስኪያጁን አየ። "ኧረ ይሠራል። እንዲያውም ሲጮኽ ያደነቁራል።"

ከዚያ በኋላ አቶ ጀይሉ በሚዛን ቤት ባለፉ ቁጥር ኡመይር ስልኩን ጆሮው ላይ ይለጥፋል፤ "ሃሎ! እሺ! ኻላስ፣ በቃ!" ይላል። ጸሐፊዋ ኩብራም ጠዋት ጠዋት "ሩቁ መጋዘን ደህና አድሯል፤ አነጋግሬዋለሁ" ትላለች።

የሩቁ መጋዘን ዘበኛ እንዳለው የሚባል፣ ከወሎ የመጣ አዲስ ሰው ነው። አንድ ቀን ኡመይርን መንገድ ላይ አግኝቶ "ስደውል ምነው አታነሱም?" አለው።

"ያ ዞል፣ ወንድሜ፣ ሥራ በዝቶብን ነው። አንተ ደጋግመህ ሞክር።"

ሰሊጡ በገባ ሰሞን እንዳለውን በቀትር እባብ ነደፈው። ውሃ የሚያመላልሰው ሰው አመሻሽ ላይ ሲደርስ፣ እግሩን በመቀነቱ አስሮ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ደርቆ አገኘው።

ከቀብሩ ማግስት ሚስቱ ስርጉት ቢሮ ገባች። "ተኝቶ ሳለ ነው የተነደፈ ብላችኋል አሉ። ባሌ አልተኛም። ይህን ስም ለልጆቹ አላወርስም።"

"እህቴ፣ ቢደውል ይሰማ ነበር" አሉ አቶ ጀይሉ። "ስልኩን እንደታቀፈ እንቅልፍ ወስዶት ነው። ስልኩ ይሠራል። ኡመይር፣ አይሠራም?"

"ይሠራል።"

"ኩብራ?"

"ሁልጊዜ ጠዋት አነጋግረው ነበር" አለች ኩብራ፣ መሬት መሬቱን እያየች።

ስርጉት መቀነቷን አጠበቀች። "እንግዲያው እዚያው መጋዘኑ ሄጄ እደውላለሁ። እስክታነሱ ንቅንቅ አልልም።"

ወጣች። ማንም አላስቆማትም።

የእንዳለው አሟሟት ሪፖርት ለመጻፍ ጊዜ ወሰደ፤ "ስልኩ እንደወትሮው እየሠራ ሳለ" የምትለው ሐረግ መጀመሪያ ትግባ ወይስ መጨረሻ የሚል ክርክር ነበረ። መጀመሪያ ገባች። ሦስቱም ፈረሙ። አቶ ጀይሉ ቁልፍ አወጡና ማኅተም ሊያነሱ የብረቱን ቁም ሣጥን ወለል አድርገው ከፈቱት።

አንድ ነገር ይጮኽ ጀመር።

"የምን ጫጩት ነው?" አሉ አቶ ጀይሉ፣ ማኅተሙን እንደጨበጡ።

ኡመይር ጎንበስ ብሎ ወንበር ሥር ፈለገ። "ፌንጣ ትሆናለች። ከሰሊጡ ጋር ትገባለች።"

"ታዲያ አውጣታ!"

ኡመይር ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘና ጠረጴዛ ሥር ገባ። ኩብራ ግን የጠረጴዛው ስልክ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ታያለች። አቶ ጀይሉ ዓይኗን ተከትለው አዩት። ማኅተሙን ሳያሳርፉ የቁም ሣጥኑን በር ገፍተው ዘጉት።

ጩኸቱ ቆመ።

ኩብራ ተነሥታ መልሳ ከፈተችው።