ግራው እጅጌ መጀመሪያ

እኔ የምሰፋው ልብስ ኪሱ ቀዳዳ ነው። አልደብቅም። በእያንዳንዱ ኪስ ጥግ፣ ከታች በኩል፣ ጣት የምታስገባ ክፍተት ሳልሰፋ እተዋለሁ። ደንበኛ ቁልፉ ይጠፋበትና ተመልሶ ይመጣል። ይጮሃል፤ እኔም እጮሃለሁ። "ቁልፍህን በእጅህ ያዝ፤ እጅ የተሰጠህ ለምን ይመስልሃል?" እለዋለሁ። ሰፈርተኛው ባለቀዳዳዋ ይለኛል። የእጄ ሙያ ባይኖር ኖሮ ይሄኔ ሱቄን ዘግቼ ነበር። ግን የሰፋሁት ኮት ትከሻ ላይ ሲቀመጥ አብሮ የተወለደ ይመስላልና ሰው እየተራገመም ቢሆን ይመለሳል።

ለምን ክፍት እንደምተወው ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ውሃ እንዲወጣበት ነው።

ታናሽ ወንድሜ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበር። እናታችን ጥድፊያ ነበር የምትለው። ሲበላ ይጣደፋል፣ ሲለብስ ይጣደፋል፣ አንድ እግሩ ካልሲ አጥልቆ ሌላው ባዶውን ደጅ ይደርሳል። ሐሙስ ሐሙስ ሐይቁን በጀልባ ይሻገርና ማዶ ያለችውን ከተማ ቆጣሪ እያነበበ ይውላል። ጠዋት ሐይቁ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

"እትዬ፣ ኮትም ቦርሳም መሸከም ሰለቸኝ" አለኝ አንድ ቀን። "ሲበርደኝ የምለብሰው፣ ሲሞቀኝ መዝገቤን የምይዝበት አንድ ነገር ስሪልኝ።"

ሳምንት ሙሉ ወረቀት ስቆርጥ ከረምኩ። በመጨረሻ ከዝናብ ልብስ ጨርቅ ጃኬት ሰፋሁለት። ጀርባው ላይ ከአንገት ሥር እስከ ወገብ የሚደርስ ትልቅ ኪስ አለው። ጃኬቱን አውልቆ፣ እጅጌውንም ሌላውንም ገልብጦ እዚያ ኪስ ውስጥ ሲከተው ኪሱ ራሱ ቦርሳ ይሆናል። ማንገቻው ከውስጥ ይወጣል፣ ዚፑ ይዘጋል፣ አለቀ። መዝገቡ እንዳይረጥብበት ብዬ ስፌቱን በሙሉ በማጣበቂያ ደፈንኩት፤ ዚፑም ላይ ክዳን ደረብኩበት። ጠብታ አያስገባም፣ ጠብታ አያስወጣም። ልብሶቼ ሁሉ አንገት ውስጥ የማደርጋትን ሦስት ቀይ ስፌት በዚህኛው ማንገቻው ሥርም ደገምኳት። የእጄ ምልክት ናት።

አንድ ነገር ግን አበላሸሁ። ዚፑን ወደ ግራ አስጠግቼ ነው የሰፋሁት። ግራው እጅጌ መጀመሪያ ካልገባ ዚፑ ገበሩን ነክሶ ቀጥ ይላል። ልፈታው ስል ጥድፊያ ከእጄ ነጠቀኝ።

"ተዪው! ግራው መጀመሪያ፣ በቃ። ሌባ ቢወስደው እንኳ ዚፑ ይነክስልኛል" ብሎ ሳቀ።

ቀኑን ሙሉ ሲያጥፍና ሲፈታ ዋለ። እየተጣደፈ ቀኙን ያስቀድማል፣ ዚፑ ይነክሳል፣ እኔ እሰድበዋለሁ።

ሁለት ወር ለበሰው። ከዚያ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጀልባዋ ስትመለስ ሰጠመች። አራት ሰው ተረፈ። ጥድፊያ ከአራቱ ውስጥ የለም፤ ሬሳውም አልተገኘም። ጀልባ ነጂው ከተረፉት አንዱ ነበርና ቤታችን ድረስ መጣ። "ስንነሳ ያንን ጃኬት ለብሶ ነበር" አለ። ከዚያ እግሩን እያየ፣ "ጀርባው ላይ ያለው ኪስ አንዴ ውሃ ከያዘ አይለቅም። ባልዲ ማለት ነው። ወደ ታች ነው የሚጎትተው" አለን።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ ነሽ ያሰጠምሽው" አለችኝ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው። አልደገመችውም፤ ግን ተሳስቻለሁም አላለችም። ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረናል፣ የምናወራው ስለ ጨውና ስለ ሳሙና ነው። የሰፋሁላትን ቀሚስ ትለብሳለች። ኪሱ ቀዳዳ ነው፤ መነጽሯ በዚያ ሾልኮ ሦስት ጊዜ ተሰብሯል። ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔን ደግሞ የማይለቀኝ ነገር አለ። ዚፕ በዘጋሁ ቁጥር ጀርባዬ ይቀዘቅዛል። በሁለቱ ትከሻዬ መሃል ውሃ ቀስ እያለ ሲሞላ ይሰማኛል። ይከብደኛል፤ የስፌት መኪናዬ ላይ ጎብጬ እቀራለሁ። ሱቅም ሆነ ቤት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከኋላዬ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ዞሬ ሳይ ወለሉ ደረቅ ነው። አንዴ ቧንቧ ሠራተኛ ጠርቼ ነበር። ግድግዳውን ሲያንኳኳ ቆይቶ፣ "እዚህ ውስጥ ቧንቧ የሚባል ነገር የለም" አለኝ። ሙያህን አታውቅም ብዬ አባረርኩት።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው ሴትየዋ የመጣችው። ወደ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ እጇ በሳሙና የተላላጠ፣ ደረቷ ላይ ቦርሳ ያቀፈች ሴት። አንግታው አልነበረም፤ ልክ እንደ ሕፃን ነው ያቀፈችው።

"ማንገቻው ተበጥሶ ነው" አለችኝ። "እዚሁ ቆሜ ይስፉልኝ። ብቻ አይክፈቱት።"

"ሳልከፍት እንዴት አድርጌ ልስፋው? በጸሎት?" አልኳትና እጄን ዘረጋሁ። ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ መዳፏን ግን ከላዩ አላነሳችም። ማንገቻውን ገለበጥኩት። ከሥሩ ሦስት ቀይ ስፌት አለ።

መቀመጫዬን በእጄ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ጠብ አለ።

"ከየት አመጣሽው?"

"ማንገቻው ሰበብ ነው" አለችኝ እያየችኝ። "ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የአንድ ሐኪም ኮት ስተኩስ አንገቱ ውስጥ ይቺን ምልክት አየኋት። ማን ሰፋልዎት ብዬ ብጠይቀው እርስዎ ጋ ላከኝ። ይሄን የሰፉት ለማን ነው? እሱን ይንገሩኝ።"

ዚፑን ለመያዝ ተወረወርኩ። እሷ ደግሞ በሙሉ አካሏ ቦርሳው ላይ ተደፋች።

"አይከፈትም! አትክፈቺው ብሎኛል!"

"ማነው ያለሽ? ተናገሪ እንጂ!" ድምፄ መንገድ ላይ ሳይሰማ አልቀረም።

ቀና አለች። አንዴ ስትጀምር ሳትተነፍስ ነገረችኝ።

"ጀልባዋ ወዲያው አልሰጠመችም። ቀስ እያለች ነው ውሃ የጠጣችው። ሰው ይጮሃል፣ ይረጋገጣል። እኔ ዋና አልችልም። አጠገቤ አንድ ሰው ጃኬቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያጥፋል። አብዷል አልኩ! ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ደርሷል፣ እሱ ልብስ ያጥፋል። ተናድጄ ሰደብኩት። ቀና ብሎም አላየኝ። ተረጋግቶ፣ ቀስ ብሎ ነበር የሚያጥፈው። አንዴ ዚፑ እምቢ አለው፤ ሁሉንም ዘረገፈና እንደገና ከሀ ጀመረ። ለብቻው ያወራል። ሲጨርስ ደረቴ ላይ ገፍቶ አስታቀፈኝ። 'አየር ይዟል፤ እቀፊው፤ አትክፈቺው' አለኝ። ከዚያ ተገለበጥን። ብቅ ስል እኔ ቦርሳው ላይ ነኝ። እሱ የለም።"

"ለብቻው ምን እያለ ነበር?"

"'ግራው መጀመሪያ፣ ግራው መጀመሪያ።' ዘጠኝ ዓመት አሰብኩት፤ ምን ማለቱ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።"

ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር ተረጋግቶ ሠርቶ የማያውቅ ልጅ፣ ሰው ሁሉ በተጣደፈበት ሰዓት እሱ አልተጣደፈም። ዋና ይችላል ጥድፊያ። ግን ዋናውም እንደ ነገረ ሥራው ሁሉ ነበር፤ ቶሎ ይጀምርና ቶሎ ይደክመዋል።

አለቀስኩ፤ ከዚያ ደሜ ፈላ። "ውስጡ እኮ መዝገብ አለ! ስሙ ተጽፎበታል! ያኔውኑ ብትከፍቺው ታገኚን ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዴት አንድ ሰው ዚፕ አይከፍትም?"

"ካልከፈትኩት ገና እየዋኘ ያለ ይመስለኛል" አለች ቀስ ብላ። "ከከፈትኩት አየሩ ይወጣል።"

በጥፊ ላጮላት እጄ ተነሥቶ ነበር። ግን ግድግዳው ላይ የሰቀልኳቸውን ልብሶች አየሁ፤ ሁሉም ኪሳቸው ቀዳዳ። የእሷ እብደትና የእኔ እብደት ከአንድ ጣቃ የተቆረጡ ናቸው። እጄን መለስኩና የሱቁን ቁልፍ አነሳሁ።

"ተነሽ" አልኳት። "ይሄን መስማት ያለባት እናቴ ናት።"

እናቴ በረንዳ ላይ የታጠበ አንሶላ ስታጣጥፍ ደረስን። ልጅቷ እንደገና አንድ በአንድ ተናገረች። እናቴ አንሶላውን እጇ ላይ እንደያዘች ቀረች። ሲያልቅ፣ "ክፈቱት" አለች።

አጣቢዋ እኔን አየችኝ፣ እናቴን አየች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ራሷ ዚፑን ሳበችው። ከውስጡ ትንሽ ትንፋሽ ወጣ። የማጣበቂያ ሽታ ነው፤ ያኔ በእጄ የቀባሁት። የጥድፊያን ሽታ ፈለግሁ፤ የለም። የጃኬቱ አንገት ወጣ፣ ጀርባው ወጣ፣ መዝገቡ ጠርዙ ቢጫ ሆኖ ወጣ፣ ቀኙ እጅጌ ወጣ። ግራው ከሁሉም ታች ነበር። ጫፉ እስከ ክርን ተጠቅልሏል፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው።

እናቴ መዝገቡን አልነካችም። ክንዷን ግራው እጅጌ ውስጥ እስከ ትከሻዋ ከተተችና እንደዚያው ተቀመጠች።

"ለብሶት አልነበረም" አለች።

"አልነበረም፣ እማዬ።"

ወደ አጣቢዋ ዞረች። "ያኔ ስንት ዓመትሽ ነበር?"

"አሥራ ዘጠኝ፣ እማማ።" ጃኬቱን በሁለት እጇ ወደ እናቴ ገፋችው። "የእናንተ ነው። እኔ አደራዬን..."

"ልጄ የሰጠውን እኔ አልቀማም" አለች እናቴ። ክንዷን አወጣችና ጃኬቱን ታጥፍ ጀመር። ቀኙን አስቀደመች። ዚፑ ነከሰ።

"ግራው መጀመሪያ፣ እማዬ" አልኳት።

ዘረገፈችውና እንደገና ጀመረች። ያኔ ነው የገባኝ። እሱም አንዴ ዘርግፎ እንደገና ነው የጀመረው። ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ደርሶ፣ እኔ ባጣመምኩት ዚፕ ምክንያት፣ ከሀ ጀመረ። ያቺ ጊዜ ስንት ደቂቃ ትሆናለች? በስንት ደቂቃ ሰው ሌላ የሚይዘው ነገር ያገኛል? ዝም ማለት እችል ነበር። ልጅቷም አላስተዋለችም፣ እናቴም አላስተዋለችም። ግን ዘጠኝ ዓመት ዝም ብለን ምን አተረፍን?

"እማዬ፣ ዚፑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "አጣምሜ ነው የሰፋሁት። በደንብ ሰፍቼው ቢሆን ሁለት ጊዜ አያጥፍም ነበር። ጃኬቱ አላሰጠመው ይሆናል፣ ጊዜውን ግን የበላሁበት እኔ ነኝ።"

እናቴ ዚፑን እስከ ጫፍ ዘጋችና ቦርሳውን ለአጣቢዋ አስታቀፈቻት። በሩ ድረስ ሸኘቻት፤ ግንባሯንም ሳመቻት። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። ያችኑ ቃል እንደገና እስክትለኝ፣ በዚህኛው ጊዜ ደግሞ እውነቷን ነው።

ተመልሳ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። የቀሚሷን ኪስ ወደ ውጭ ገለበጠችና ጣቷን በቀዳዳው አሾልካ አሳየችኝ።

"ይሄን ድፈኚልኝ" አለችኝ። "መነጽር አልቆብኛል።"

መርፌ ሁልጊዜ ደረቴ ላይ አለ። ተንበረከክሁ። ቀሚሱ ከላይዋ ሳይወልቅ፣ መስፋት ጀመርኩ። ሦስተኛዋን ስፌት ስስብ ከኋላዬ፣ ደረቁ ወለል ላይ፣ ጠብ አለ። እኔ አልዞርኩም፤ ለምጄዋለሁ። እናቴ ግን አንገቷን አዞረችና ወደዚያው አየች።

"አንቺም ትሰሚዋለሽ?" አልኳት።

"ዘጠኝ ዓመት" አለችኝ። እጇን አናቴ ላይ አሳረፈች። "ስፊ።"