ያክ ሼ ማሽ፣ ሃዋኒ?

ወይዘሮ ኡርጌ ከጎጆ ከተማ ወደ አምቦ የወረዱት ድንች በጫነ አይሱዙ፣ ጋቢና ውስጥ በሾፌሩና በረዳቱ መካከል ተጣበው ነው። ልጃቸው ኢዶሳ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸውና ደግፎ አወረዳቸው።

«ፈያ?» አሉት ጉንጩን እየሳሙ።

«ደህና ነኝ፣ አዮ።»

«ነጋ? ሰላም ነው? ሰውነትህስ? ቤቱስ? ሥራውስ?»

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ።»

«እንዴት ነህ ታዲያ?» አሉና እጁን ሳይለቁ ዐይን ዐይኑን አዩት።

ኢዶሳ እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። ፖላንድ ሄዶ የእርሻ ትምህርት ሲማር ከሁሉ አስቀድሞ የተወው ይህንን ልማድ ነበር። አብሮት የሚያድረውን ተማሪ ጠዋት ጠዋት ደጋግሞ እንዴት ነህ ቢለው፣ «ነገርኩህ፤ አትሰማም እንዴ?» ብሎ ተቆጥቶታል። የተማሪዎቹን በር የምትጠብቀውን አሮጊት ደግሞ አንድ ቀን በዋዛ እንዴት ነሽ ቢላት፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም ስታወራለት ክፍል አመለጠው። እዚያ ሰው አንዴ ይጠየቃል፤ ከተጠየቀ ደግሞ የምሩን ይመልሳል። ኢዶሳም ይሄንን ለመደ። አገሩ ከተመለሰ ወዲህ ሰላምታ ሲረዝምበት እግሩን ማቀያየር ይጀምራል፤ ሰዎች «ፈረንጅ ሆኗል» ይሉታል። ፈረንጆቹ ዘንድ ግን አንድም ቀን ፈረንጅ ሆኖ አያውቅም ነበር።

እዚያው ቦዠና ከምትባል ሴት የወለዳት ልጅ አለችው፤ ሃዋኒ ትባላለች። አባቱ ሞቱና፣ መንግሥትም በተለወጠ ማግስት ነበርና፣ ለጥቂት ወራት ብሎ ሲመጣ ልጅቷ ገና መሮጥ መጀመሯ ነበር። ወራቱ ዓመታት ሆኑ። የአምቦ ኮሌጅ ቀጠረው፤ ቦዠና አልመጣም አለች፤ እሱም አልተመለሰም። ለምን እንዳልተመለሰ ሲጠየቅ በየጊዜው ሌላ ምክንያት ይሰጣል፤ አንዱንም ግን ራሱ አያምነውም።

የቀረችው ስልክ ናት። በየወሩ አንድ ቅዳሜ ቴሌ ይሄድና ልጁን ያስጠራል። «ያክ ሼ ማሽ?» ይላታል፤ እንዴት ነሽ ማለት ነው። «ዶብዤ» ትለዋለች፤ ደህና። ትምህርትስ? ደህና። አየሩስ? ደህና። ከዚያ ስልኩ ወደ እናቷ ይመለሳል። ባለፈው ቅዳሜ ግን ቦዠና፣ «ሃዋኒ ከእንግዲህ እንዳያስጠራኝ ብላለች። አንተ መሆንህን ስታውቅ አልጋ ሥር ትገባለች። አንድ ጊዜ ደግሞ ሞክር፤ እምቢ ካለች አላስገድዳትም» አለችው።

ኢዶሳ ይህን ጎጆ ሄዶ ለእናቱ ሲነግራቸው ኡርጌ ብዙም አላሰቡበትም። «እኔ አነጋግራታለሁ» አሉ። «አንዲት ጥያቄ ብቻ ታስተምረኛለህ።»

እንግዲህ ቴሌ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ ትምህርቱ ተጀመረ።

«ያክ፣ እንዴት ማለት ነው» አለ ኢዶሳ። «ሼ ደግሞ ራስን ነው። ማሽ፣ አለሽ፣ ይዘሻል እንደ ማለት።»

ኡርጌ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቃላቱን ገጣጠሙ። «እንዴት ራስሽን ይዘሻል?»

«ቃል በቃል ከሄድሽ እንደዚያ ነው። ግን እንዴት ነሽ ማለት ብቻ ነው፤ ማንም እንደዚያ ብሎ አያስበውም።»

«እኔ አስቤዋለሁ» አሉ ኡርጌ። «ልጠይቃት የፈለግሁትም ይሄንኑ ነው።»

ኢዶሳ ስንት ዓመት ሙሉ ሲለው የኖረውን ነገር አንድ ቀን እንኳ ከፍቶ አይቶት አያውቅም።

«የሴት ነው አይደል? ሽ አለበት።»

«ለወንድም ያው ነው፣ አዮ።»

«ወንዱንም አንቺ ይሉታል?»

አጠገባቸው የተቀመጡት ኦቦ ቦጂያ የተባሉ የእጃጂ ከተማ በቆሎ ነጋዴ ሳቃቸውን ለቀቁት። «ለካ ኢዶሳ እንዲህ የሆነው እዚያ አንቺ ሲሉት ከርመው ነው!»

«ዝም በል አንተ፣ ትምህርት ላይ ነን» አሏቸው ኡርጌ።

ቦጂያም ትምህርቱ አላመለጣቸውም። ወደ ባንኮኒው ዞሩና፣ «ያክ ሼ ማሽ፣ ሮማነወርቅ!» ብለው ጮኹ።

ሮማነወርቅ ስልክ የምታገናኘዋ ሠራተኛ ናት። ቀና ሳትል፣ «ማሽላ የሚሸጠው ገበያ ነው፣ ኦቦ ቦጂያ» አለቻቸው። ቀጥላም፣ «ፖላንድ! ሁለተኛው ሳጥን!»

የቴሌ ሠራተኞች ኢዶሳን በስሙ አይጠሩትም።

የስልኩ ሳጥን ለአንድ ሰው የተሠራ ስለሆነ ሁለቱ ሲገቡ በሩ አልዘጋ አለ። መስመሩ ሲንሿሿ ቆየና ቦዠና አነሳች። ትንሽ ቆይቶ የልጅቷ ትንፋሽ ተሰማ።

«አያትሽ እዚህ ናት» አላት ኢዶሳ በፖላንድኛ። «ሰላም ልትልሽ ነው።»

እጀታውን ለእናቱ ሰጠና ጆሮውን አስጠጋ።

«ያክ ሼ ማሽ፣ ሃዋኒ?» ጮኹ ኡርጌ፣ ከወንዝ ማዶ ሰው እንደሚጠሩ ሁሉ።

«ዶብዤ።»

«ደህና ነኝ አለችሽ። በቃ፣ አሁን ለእኔ…»

እጁን መቱት። «ያክ ሼ ማሽ?»

«ዶብዤ» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ላይ ትንሽ ሳቅ ነበረበት።

«አዮ፣ መለሰችልሽ እኮ! እዚያ አገር ደጋግሞ አይጠየቅም!»

«አንዴ ጠይቄ ልተዋት? መንገደኛ ናት እንዴ?» አሉ ኡርጌ። ፊታቸውን ወደ እጀታው መለሱና አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያክ ሼ ማሽ፣ ሃዋኒ ኮ?» ቃሉ ቢያልቅባቸው «የኔ» የሚለውን በኦሮምኛ ጨመሩበት።

ኢዶሳ መስመሩ የተቋረጠ መሰለው።

«ታክ ሶብዬ» አለች ልጅቷ። እንዲያው አለሁ፣ ያን ያህልም አይደለሁ፣ እንደ ማለት ነው። ሊተረጉም አፉን ሲከፍት እናቱ ጣታቸውን አነሱበት።

«ያክ ሼ ማሽ?» አሉ፣ እንደ መጀመሪያው ጊዜ፣ ሳይቸኩሉ።

ከዚያ ሃዋኒ መናገር ጀመረች። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ቀጥላ እየፈጠነች፣ በመካከልም ሳግ እየያዛት። እጀታው የእናቱ ጆሮ ላይ ተለጥፎ ስለነበር ኢዶሳን የደረሰው ቁርጥራጩ ብቻ ነው፤ አዲስ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ጸጉር። አንዴ ደግሞ አጥርቶ ሰማ፦ «ታታ ስለ አየር ብቻ ነው የሚጠይቀኝ።» ታታ አባባ ማለት ነው።

ኡርጌ አንዲት ቃል አልገባቸውም። ግን ልጅቷ ትንፋሽ በወሰደች ቁጥር «ኤዬ» ይላሉ፤ ሳግ ሲይዛት «ውይ፣ ውይ» ይላሉ፤ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ እንደገና «ኤዬ።» አንድም ቦታ አልሳቱም።

በመጨረሻ ልጅቷ አፍንጫዋን ሳበችና አንድ ነገር ጠየቀች። «ያክ ሼ ባብቻ ማ?»

ኡርጌ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ጥያቄዬን አበላሸችብኝ።»

«አላበላሸችም። ባብቻ አያት ነው፤ አንቺን እየጠየቀችሽ ነው። ለትልቅ ሰው ማሽ አይባልም። እርስዎ እንደ ማለት ነው።»

«አንቱ አለችኝ?»

«አዎ።»

«ማን አስተማራት?»

«እናቷ ትሆናለች።»

ኡርጌ በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ። «ደህና አድርጋ አሳድጋታለች። ታዲያ ምን ልበላት? መልሱን አላስተማርከኝም እኮ!»

«ዶብዤ በያት።»

«ጉልበቴን እያመመኝ?» አሉና በኦሮምኛ ጀመሩላት፤ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ጎጆ ብርድ፣ በቅርቡ መንታ ስለወለደችው በግ። ከወዲያ በኩል በየመካከሉ «ታክ… ታክ…» የሚል ቀጭን ድምፅ ይሰማ ነበር። አዎ፣ አዎ።

ሮማነወርቅ መስታወቱን አንኳኳች። ኡርጌ እጀታውን ለኢዶሳ ሰጡት።

«ታታ?»

«አለሁ። ያክ ሼ ማሽ?»

«ዶብዤ።»

አየሩስ የሚለው ጥያቄ በልማድ ምላሱ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጠው።

«ያክ ሼ ማሽ፣ ሃዋኒ?»

«ለባብቻ ነገርኳት እኮ።»

«ለባብቻ ነው የነገርሻት። ለእኔ አልነገርሽኝም።» እጀታውን በሁለት እጁ ያዘ። «ያክ ሼ ማሽ?»

ሮማነወርቅ ደግማ አንኳኳች። ኦቦ ቦጂያም ከአግዳሚው ላይ ሆነው፣ «በቆሎዬ ሊነቅዝ ነው!» እያሉ ይጮኻሉ። ኡርጌ በዝግታ ዞሩና መስታወቱን በጀርባቸው ጋረዱት።

መስመሩ ተንሿሿ። ኢዶሳ ጠበቀ።

«መጀመሪያ» አለች ልጅቷ፣ «ቤት ስንቀይር ድመቷን ረሳናት።»