የፔማ እናት አመድ

ቤሩት አብራኝ ትሠራ የነበረችው ኔፓላዊቷ ፔማ ከአሠሪዎቻችን ቤት ስትጠፋ መዳፍ የምታክል የነሐስ ስቱፓ አስያዘችኝ። ቡድሃ ሲሞት አመዱ ለስምንት ተከፍሎ በየድርሻው ላይ ጉብታ እንደተሠራ፣ ስቱፓ ከዚያ እንደመጣ፣ ሰውም በቀኙ እያደረገ እንደሚዞረው ነገረችኝ። በዚህኛው ውስጥ ያለው የእናቷ አመድ ነበር። አገሯ እስክትገባ ላስቀምጥላት ማልኩ።

ከቤሩት ተመልሼ ልደታ ኮንዶሚኒየም አባቴ ቤት ስገባ ጌጥ ነው አልኩት። አባቴ ሁመድ ጌጃ ሰፈር ማንቆርቆሪያና ድስት እየበየደ ያሳደገኝ፣ ሶላት የማያሳልፍ ሰው ነው። የማናውቃትን ሴት አስከሬን ቤቴ አስገባሽ እንዳይለኝ ፈራሁ። ይኸው ፍርሃቴ ነው ጉድ የሠራኝ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ስቱፓው እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። አባቴ ውስጡ ሲንኮሻኮሽ ሰምቶ ሱቁ ወስዶታል፤ የታቹን ብየዳ ፈትቶ፣ ቆሻሻ የመሰለውን ከሱቁ ጀርባ ደፍቶ፣ በአሸዋ ፈትጎ መልሶ በይዶታል። የደንበኛ ዕቃ ሁሉ የሚመልሰው እንዲህ ነው። ደስ እንዲለኝ ብሎ ነበር። ምን እንደደፋ ስነግረው ፊቱ ከእኔ የባሰ ጠቆረ። አብረን ሄደን አየን፤ የክረምቱ ዝናብ ጠርጎታል።

በሳምንቱ ፔማ ደወለች። አገሯ ገብታለች፤ ወንድሟ በመንገዱ አዲስ አበባ አንድ ቀን ስለሚያድር አደራዋን ይቀበለኛል። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩና፣ ይምጣ አልኳት። ሱቁ ሄጄ የታቹን ብየዳ ፈትቼ፣ ከአባቴ ምድጃ የከሰል አመድ ዝቄ ስቱፓው ውስጥ ጨመርኩ። አባቴ አይቶኝ ከእጄ ተቀበለና መልሶ በየደልኝ።

ሜክሲኮ አንድ ካፌ ውስጥ ወንድሟ ስቱፓውን ግንባሩ ላይ አድርጎ ተንሰቀሰቀ። የእኛን ከሰል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከወር በኋላ ፔማ ቪዲዮ ላከች። መንደራቸው ውስጥ በድንጋይ ትልቅ ስቱፓ ሠርተው ትንሿን መሀሉ ቀብረዋታል፤ ዘመድ ሁሉ እየዞረ ያለቅሳል። አባቴ አይቶ ስልኩን መለሰልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሱቁ ጀርባ ውሃ መድፋት ትቷል።

በኋላ ደወለች። ድምፅዋ ቀለል ብሏል።

"ስንት ዓመት እናቴ በህልሜ እየመጣች 'ወደ ቤቴ መልሺኝ' ትለኝ ነበር" አለችኝ በዚያ ቤሩት በለመድነው አረብኛ። "ስቱፓው ከተሠራ ወዲህ አልመጣችም። አርፋለች፣ ሚስራ።"

አልሃምዱሊላህ አልኳት።

እናቷ ወደ እኔ መምጣት ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። በሩ ላይ ትቆማለች። ቋንቋዋን አላውቅም፤ የምትለው ግን ይገባኛል።