የሞተር እጅ

አገርነሽ ከሰልፍ መሃል ተጠርታ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስትወሰድ ማትሪክ ሊጀመር ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ጥፋቷ እጇ ነው። «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!» ሲባል አርባ ምንጭ ያለ ተማሪ ሁሉ ግራ እጁን ጨብጦ ያነሣል። እሷም አንሥታለች፤ ግን አልጨበጠችም። ሦስት ጣቶቿን ወደ ሦስት አቅጣጫ ዘርግታ ነበር። ካድሬው ጓድ ባዘዘው አየ።

የፊዚክስ መምህሯ ነኝና ተከትያት ገባሁ። ርዕሰ መምህሩ ወልደየሱስ ላቡን ይጠርጋል። አገርነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አባቷ የገረሴ ገበሬ ነው፤ የሚጸልይበት ቤት ከታሸገ ቆይቷል። ይህን ባዘዘውም ያውቃል።

«ሦስት ጣት ምንድን ነው፣ ጓድ መምህርት? አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ አይደለም?» አለኝ። «ጴንጤዎቹ ቤታቸው ቢታሸግ በጣት ጀመሩ! ይህች ልጅ ፈተና አትቀመጥም።»

«የሞተር ደንብ ነው» አልሁት።

«ሞተር ጣት አለው?»

«የለውም። ስለዚህ የእኛን እናውሰዋለን።»

ወልደየሱስ ዝም እንድል በዓይኑ ለመነኝ። ከካድሬ ጋር መከራከር ምን እንደሚያስከፍል በዚያ ቢሮ ውስጥ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። የባለቤቴን ነገር ግን ያን ቀንም አላነሣሁም፤ አሁንም አላነሣም።

«ያስተማርሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «የጄኔሬተር አቅጣጫ በቀኝ እጅ ይታወቃል፣ የሞተር በግራ። እንዳይምታታባቸው፣ ‹ሰው ሲሰጥ በቀኝ እጁ ነው፤ ኮረንቲ የሚሰጠውም ጄኔሬተር ነው› አልኋቸው። ለሞተር ግራው ቀረለት።»

«መፈክር መሃል ምን አመጣው ታዲያ?»

«ጓድ፣ ግራ እጄ ተነሥቶ ሳየው ጥናቴ ትዝ አለኝ» አለች አገርነሽ። «ጣቴ ራሱ ተዘረጋ።»

«አይ ጣት! ራሱ ተዘረጋ!»

«ታሳይዎት» አልሁ። «ጣቷ ሞተር የሚያውቅ ከሆነ ፈተናዋን ትቀመጥ። ከተሳሳተች ያሉት ይሁን።»

ከላቦራቶሪ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ ማግኔት፣ ሽቦና የባትሪ ድንጋይ አመጣሁ። ማግኔቱን አፉን ወደ ባዘዘው አዙሬ በጎኑ አስተኝቼ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ሽቦውን እንደ ዥዋዥዌ አንጠለጠልሁት። ኮረንቲ ሲያልፍበት ይዘላል። ወዴት እንደሚዘል ግራ እጅ ይናገራል፦ ሌባ ጣት ከማግኔቱ ሰሜን ወደ ደቡቡ፣ መሃል ጣት ኮረንቲው ወደሚሄድበት ከተቀሰሩ፣ አውራ ጣት መንገዱን ያሳያል።

አገርነሽ እጇን አነሣች። «ወደ እርስዎ» አለችው።

ሽቦውን ከድንጋዩ ጋር አገናኘሁት። ወደ ባዘዘው ዘለለ፤ ባዘዘውም ወደ ኋላው ሸሸ። ወልደየሱስ አፉን በመሐረቡ ሸፈነ።

«ተመካክራችሁበታል!» ብሎ ባዘዘው ድንጋዩን በገዛ እጁ አዞረ። «አሁንስ?»

«ወደ ማግኔቱ ውስጥ።»

ወደ ውስጥ ዘለለ።

ባዘዘው ኮቱን አወለቀ። ድንጋዩንም አዞረ፣ ማግኔቱንም ገለበጠ። «አሁን ሁሉም ተገለበጠ። እኔ ልንገርሽ፤ ወደ እኔ ይመጣል! አይደለም?»

«አዎ» ማለት ቀላል ነበር። አገርነሽ ግን ፊቱን አላየችም፤ ጣቷን አየች። ክንዷን ጠመዘዘች፣ መለሰች፣ እንደገና ጠመዘዘች። በዓይኔም እንኳ አልረዳኋትም።

«ተሳስተዋል፣ ጓድ። ሁለቱ አብረው ከተገለበጡ አቅጣጫው አይለወጥም። አሁንም ወደ ውስጥ ነው።»

«ወይ ጉድ!» አለ ወልደየሱስ በሹክሹክታ።

«አገናኚው!» አለኝ ባዘዘው።

አገናኘሁት። ሽቦው ወደ ውስጥ ዘለለ።

ባዘዘው የራሱን ቀኝ እጅ ዘርግቶ ሞከረ፤ አውራ ጣቱ ወደ ገዛ ደረቱ አመለከተ። ግራውን ዘረጋ። እየተንገታገተ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አስተካከለ። አውራ ጣቱ ወደ ውስጥ ሲያመለክት ፊቱ በራ።

«የሚያንቀሳቅሰው ግራው ነው! ጓድ ወልደየሱስ፣ አየህ? ግራው ነው!»

«እኔማ ድሮም ብያለሁ» አለ ወልደየሱስ፤ ምንም አላለም ነበር።

«ሂጂ፣ ተፈተኚ» አላት ባዘዘው። «ሰልፍ ላይ ግን ትጨብጫለሽ!»

«እሺ፣ ጓድ። ሰልፍ ላይ እጨብጣለሁ፤ ፈተና ላይ እዘረጋለሁ።»

የክፍሏ ልጆች በሙሉ ከዛፉ ሥር ይጠብቋት ነበር። ከደጃፉ ላይ ቆማ ግራ እጇን ሦስት ጣት አድርጋ ከፍ አደረገችው። ግቢው በሦስት ሦስት ጣት ተሞላ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ባዘዘው በመስኮት ብቅ ሲል ሁሉም ጸጥ አሉ።

«አንተ ረጅሙ!» ብሎ ጮኸ። «መሃል ጣትህን አቅና! እንዲህ ይዘህ ሽቦህ የትም አይሄድም!»

እኔም ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱ ለእኔ ይቅር።