አፏን ከፍታ የተኛችው ሴትዮ

ጸጉር ቤቱ ውስጥ ደንበኞቿ "ፍልቅልቋ" ይሏታል። ስትስቅ የማድረቂያው ጩኸት እንኳ አይሰማም። ያን ቅዳሜ ግን ሳቋን ቤቷ ቆልፋበት ነበር የወጣችው፤ አማቷ ከሚሆኑት ሴትዮ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ልትተዋወቅ ነበርና።

ቦታውን የመረጡት እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሥዕል ጋለሪ ማዘውተር ጀምረዋል። ነርሱ እጮኛዋ፣ "አትጨነቂ፣ እኔ መሀላችሁ አለሁ። ያልገባሽ ነገር ካየሽ ራስሽን ነቅነቅ አድርገሽ 'ጥልቅ ነው' በይ፣ አለቀ" ብሏት ነበር። በቀኑ ግን ተረኛው ሳይመጣ ቀረና እሱ ሆስፒታል ታገተ። ሁለቱ ሴቶች ጋለሪው በር ላይ ብቻቸውን ተፋጠጡ።

"እንደምን ዋሉ" አለች ፍልቅልቋ ጎንበስ ብላ።

"ደህና ነኝ። እርስዎስ እንደምን ዋሉ?"

ክው አለች። ልጃቸው የምትሆን ሴትን አንቱ ማለት ከአጥር ማዶ ቁሚ ማለት መሆኑን ለማወቅ ምሁር መሆን አያሻም።

ገቡ። ወለሉ መስታወት እስኪመስል ተወልውሏል፤ ለዚሁ ቀን የገዛችው ታኮ ጫማ በእያንዳንዱ እርምጃ ይጮኻል፣ ትንሿን ጣቷንም አሳሯን ያበላታል። የመጀመሪያው ሥዕል ፊት ቆመው "ጥልቅ ነው" አለች። ሁለተኛውም ጥልቅ ሆነ። ሦስተኛው ላይ አስተማሪዋ በመነጽራቸው አናት አዩዋት።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምኑ ነው ጥልቁ?"

"ሰማያዊነቱ" አለች ከጫማዋ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ።

"ይሄ እንኳ ቢጫ ነው።"

ላብ አጠመቃት። እንዲህ እየተጎተቱ ወደ ቀጣዩ ክፍል ዘለቁ፤ እዚያ ከእንጨት የተጠረበች ሴትዮ ነበረች። ደልደል ያለች፣ የሰው ቁመት ያላት ሴት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ እንቅልፍ ወስዷታል። እጆቿ ጭኗ ላይ መዳፋቸውን ገልብጠዋል። አንደኛው ጫማዋ ወልቆ በጎኑ ወድቋል። ጠራቢው የመሮውን ጭረት ተረከዟ ላይ ሳያለሰልስ ስለተወው ልክ የተሰነጣጠቀ ይመስላል። አፏ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ፍልቅልቋ ቆመች። የመጨረሻዋ ደንበኛ ስትወጣ እሷም ጸጉር ማጠቢያው ወንበር ላይ እንዲሁ ነው የምትዘረጋው። በሩ ኮሽ ካለ አፍራ ቶሎ ትነሣለች። እዚህ ግን አንድ ሰው እንዲህ ያለችዋን ሴት ዓይቶ፣ ማፈሪያ ሳያደርጋት፣ መብራት ያለበት ክፍል ውስጥ አስቀምጧታል። ጠጋ አለቻት። መልሳ ደግሞ አፏን አየችው፤ ያን ጊዜ ሳቋ መጣ። ከንፈሯን ነከሰች፣ አልሆነም፤ በአፍንጫዋ አመለጣት። ከዚያ አዳራሹን ሞላው። ጥበቃው ዞር አለ።

"ምን ሆኑ?" አሉ አስተማሪዋ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይቺ ሴትዮ እኔ ነኝ። ቁርጥ እኔን። ማታ ሥራ ስጨርስ እንዲህ ነኝ፣ አፌም ሳይቀር።"

አስተማሪዋ ቀረብ ብለው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

"እኔን ደግሞ አንድ ጊዜ ፈተና ሳርም እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ርዕሰ መምህሩ ፊቴ ቆሟል። 'እያሰብኩ ነው' አልኩት። 'አፍዎን ከፍተው?' ቢለኝ፣ 'ጥያቄው ከባድ ነው' አልኩት።"

ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ተንከተከቱ። "አንቺ ልጅ፣ ዛሬ በሳቅ ልትገድይኝ ነው" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። አንቱታው የት እንደወደቀ ማንም አላየውም።

የጎብኚዎች ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

"በይ ያንን ጫማ አውልቂው። ስታነክሺ እያየሁ አፌን የያዝኩት ልጄ 'እንዳታስፈሪያት' ብሎ ስላስጠነቀቀኝ ነው። ምን ብዬ እንደምጠራሽ እንኳ ጠፍቶኝ አንቱ አልኩሽ፤ ሳከብርሽ ልሞት ነበር።"

"እኔ እኮ የጠሉኝ መስሎኝ ነበር።"

"ለመጥላትም መተዋወቅ ያስፈልጋል" ብለው የራሳቸውንም ጫማ አወለቁ። "አሁን እውነቱን ንገሪኝ። ስታያት ምን ተሰማሽ?"

ፍልቅልቋ አሰብ አደረገች። "የሠራት ሰው ሊቀሰቅሳት አልፈለገም። እንዳትነቃበት ቀስ እያለ የጠረባት ይመስለኛል።"

አስተማሪዋ ክንዷን ያዝ አደረጉ።

ነርሱ ጋዋኑን እንኳ ሳያወልቅ እያለከለከ ሲደርስ፣ እናቱና እጮኛው ባዶ እግራቸውን ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንገታቸው ወደ ኋላ ወድቆ፣ አፋቸው ተከፍቶ አገኛቸው። ደንግጦ የእናቱን የእጅ ትርታ ሊይዝ ጎንበስ አለ።

"ተኝተናል፣ አትረብሽ" አሉት ዓይናቸውን ሳይገልጡ። ፍልቅልቋ እንደገና ፈነዳች። ጥበቃው እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይስቅ ነበር።

ሲወጡ አስተማሪዋ ክንዷን አለቀቁም። "እሁድ ምሳ እኔ ቤት ነሽ" አሏት።

"እኔስ?" አለ ነርሱ የሁለቱንም ጫማ ተሸክሞ ከኋላ እየተከተለ።

"አንተማ ተረኛ ትሆናለህ" አሉት እናቱ፤ ደረጃውንም በባዶ እግራቸው ይወርዱ ጀመር።