አምስተኛው ክፍል ውስጥ ስንት ሰው አለ?

ወንድሜ ሽቦ ከጠፋ ወራት አልፈዋል። ሽቦ ያሉት ቅጥነቱን አይተው ነው፤ በዚያ ላይ የማቀዝቀዣ ኤሌክትሪሺያን ነው። አንድ ጠዋት ከእናታችን ጋር ተጣልቶ ከቤት ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ስልኩም ዝግ ነው። እማዬ «ንዴቱ ሲበርድለት ይመጣል» ትላለች። እኔ ግን አንጀቴ እርር ብሎ ነበር። ሰው ቢኮርፍስ ለእህቱ አንድ ቃል ይነፍጋል?

ሁለታችንም የምንሠራው አንድ የፖም መጋዘን ውስጥ ነው፤ እኔ ፕሮግራመር ነኝ። ፖሙ ለወራት እንዳይበላሽ የየክፍሉ በር በማሽን ይታሸግና ከውስጥ ኦክስጅኑ እንዲወጣ ይደረጋል። የታሸገ ክፍል ፖሙ እስኪሸጥ ድረስ አይከፈትም። በበሩ ላይ ባለችው ጠባብ መስታወት ቢያዩ የሚታየው የሳጥን ግድግዳ ብቻ ነው። በዚያ ኮሪደር ሳልፍ ሁልጊዜ እርምጃዬን አፈጥናለሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

በሩ ከመታሸጉ በፊት ማሽኑ ኮዱ ውስጥ ያለች አንዲት ፈንክሽን ይጠይቃል። የጻፋት ከእኔ በፊት የነበረው ፕሮግራመር ነው። ፈንክሽን እንደ ተላላኪ ናት። የክፍሉን ቁጥር ሲሰጧት ይዛው ትገባለች፣ በካርድ ገብተው ያልወጡትን ትቆጥራለች፣ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ መልስ ይዛ ትወጣለች። መልሷ ዜሮ ከሆነ በሩ ይታሸጋል።

ዛሬ ጠዋት ለጥራት ቁጥጥር የመጣች እንግዳ ሴት ከሁለተኛው ክፍል እየሳቀች ወጣች።

«እኔ ውስጥ ቆሜ ስክሪናችሁ ማንም የለም ይለኛል። ሞቻለሁ እንዴ?»

እኔም ስቄ ኮዱን ከፈትኩት። የገባው ሰው የሠራተኛ ካርድ ከያዘ ፈንክሽኗ ቆጥራ ትመልሳለች። የእንግዳ ካርድ የያዘ ከሆነም ትቆጥራለች፣ አትስትም። ግን የጻፋት ሰውዬ በእንግዳ ካርዱ በኩል «መልሺ» የምትለዋን መስመር ሳይጽፍ ቀርቷል። መልሺ ያልተባለች ፈንክሽን ደግሞ ምንም ያህል ብታውቅ ባዶ እጇን ነው የምትወጣው። ማሽኑ ያንን ባዶ እንደ ዜሮ ይወስደዋል። መልስ ማጣትና ሰው አለመኖር ለእሱ ልዩነት የላቸውም። እኔን የቀፈፈኝ ግን ማወቋ ነው። ሰው ውስጥ እንዳለ እያወቀች ዝም ትላለች።

የጎደለችውን መስመር ጨመርኩ። ልሞክራት ብዬ የክፍሎቹን ቁጥር በየተራ ሰጠኋት። አንደኛው ክፍል ዜሮ፣ ሁለተኛው ዜሮ፣ ሦስተኛውም አራተኛውም ዜሮ። አምስትን ስሰጣት «አንድ» ብላ መለሰች።

አምስተኛው ክፍል ከታሸገ ወራት አልፈዋል። ተሳስታ ይሆናል ብዬ ደግሜ ጠየቅኳት። ያንኑ ቁጥር ሰጠኋት፣ ያንኑ መልስ መለሰችልኝ። የተገባበትን ካርድ ቁጥር አወጣሁና ለዋናው በር ጥበቃ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ይቺን የእንግዳ ካርድ ማን ነው የወሰዳት?»

«እሷንማ ወንድምሽ ነዋ። የራሱን ካርድ ቤት ረስቶ መጣና ተዋሰኝ፣ ይኸው ይዟት ጠፋ። ስታገኚው የሰው ዕቃ መልስ በይልኝ።»

ስልኩን ዘግቼ ሥራ አስኪያጁን ጠራሁ። ያን ሁሉ ጊዜ በልቤ ስረግመው ነበር የኖርኩት።

ሥራ አስኪያጁ ስክሪኑን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ኮሪደሩ ሮጠ፣ ተከተልኩት። የበሩ ማሸጊያ ተፈታ፤ ንጹሕ አየር እስኪገባ ግን ማንም እንዳይገባ ተከለከለ። እዚያ ቆመን ስንጠብቅ ስልኬ ጠራ። እማዬ ናት።

«ወንድምሽ ደወለልሽ?»

ዝም ልላት ነበር። ዝም ካልኳት አልደወለም ማለቴ ይመስላትና ትዘጋዋለች፣ ነገም ትጠይቀኛለች።

«እማዬ» አልኳት፣ «ሽቦ የትም አልሄደም። እዚሁ ነው ያለው።»

ረጅም ትንፋሽ ስትተነፍስ ሰማኋት።

«ተመስገን» አለች። «በይ ስልኩን ስጪው።»