ሦስቴ የሚንኳኳ በር

ለአለቃዬ «እትዬ ሦስቴ» ብዬ ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ያኔ ለማሾፍ ነበር። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ጤና ጣቢያው ከሥራ ሰዓት በኋላም ክፍት ይሁን አይሁን ለመወሰን በሰፈሩ ጥናት ሲጀመር፣ መጠይቅ የምንሞላውን ስድስት ሰዎች ሰብስበው፣ «በየሰባተኛው ቤት ትገባላችሁ። ዝግ ከሆነ ሦስቴ ትመለሳላችሁ። በጎረቤት መተካት የለም!» አሉን።

እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። በአራት ቀን አርባ ሁለት ቅጽ ሞልቼ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፍኩት። ዝግ ቤት ሲያጋጥመኝ ጎረቤቱን እየጠየቅኩ ነበር፤ ማን ያውቃል ብዬ። ሁሉም ማለት ይቻላል «የጣቢያው ሰዓት ይመቸናል» ብለዋል።

እትዬ ሦስቴ ቅጾቹን አንድ በአንድ አገላበጡ።

«የኔ ልጅ፣ እዚህ ሰፈር ሥራ የሚውል ሰው የለም?»

«ሞልቷል እንጂ!»

«ታዲያ የታሉ?»

አሥራ አንድ በር መዝለሌን ተናዘዝኩ። አንዱ የእህቴ ነው፤ ፋብሪካ እንደምትውል ስለማውቅ አንኳኩቼም አላየሁ።

«ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት እንሂድ» አሉ። «እሷን ግን የምጠይቃት እኔ ነኝ። ለዘመድ እውነቱ አይነገርም።»

ጉልበታቸውን እያመማቸውም ቀድመውኝ ደርሰው አገኘኋቸው። እህቴ ጫማዋ አልገባ ብሏት እየታገለች ከፈተችልን። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች።

«የእርግዝና ክትትል ስንት ጊዜ ሄድሽ?»

«አንድም ቀን፣ እትዬ። እኔ ከፋብሪካ ስወጣ ጣቢያው ተዘግቷል።»

እትዬ ሦስቴ ያበጠ እግሯን አዩ፤ ግን አልተቻኮሉም። ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ጠይቀው፣ እስክሪብቶውን ከደኑና፣ «ራስሽን ያምሻል?» አሏት።

«ሰሞኑንማ አላስተኛኝም።»

ጣቢያው እስኪከፈት በሩ ላይ ጠበቅን። የደም ግፊቷ ያስፈራ ነበር፤ ሐኪሙ «አንድ ሳምንት ብትቆዩ ኖሮ...» ብሎ ተወው። እንደ ልማዴ ድንጋጤዬ ቁጣ ሆኖ ወጣና፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮህኩባት።

«መች ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለችኝ።

የቀሩትን አሥር በሮች ዞርኩ። ዘጠኙ እህቴ ያለችውን አሉ፤ ጣቢያው እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት እንዲሠራ የተወሰነውም በእነሱ መልስ ነው። አንዱ በር ሦስቴ ሄጄም አልተከፈተም። ደንቡ እዚያ ላይ ያበቃል። ለአራተኛ ጊዜ ሄድኩ።